የፎቶውን ጀርባ ገልብጪው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። አጎቴ ቫዮሊን ተጫዋች ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በኮንሰርት መድረክ ላይ ነው ያሳለፈው። ባለፈው ዓመት አረፈ። ልጅ ስላልነበረው አንድ ትልቅ ሳጥን ለእኛ ለእህቱ ልጆች ቀረ። ውስጡ ፊርማ ያለባቸው ወደ ስልሳ የሚጠጉ ፎቶዎች፣ የኮንሰርት ፕሮግራሞች፣ የጋዜጣ ቁርጥራጮች፣ ደብዳቤዎች፣ ኖታዎች፣ ያለቀ ሮዚን (የቫዮሊን ደጋን የሚቀባው ሙጫ)፣ የተበጠሱ የቫዮሊን ክሮች ሳይቀሩ አሉ። አንደኛው ፎቶ ላይ «ሁበርማን» የሚል ፊርማና 1934 የሚል ዓመት አለ። ከፊርማው በላይ የተጻፈው ስም ደግሞ የአጎቴ አይደለም። ወንድሞቼ የታዋቂዎቹን ፎቶ ለይተን እንሽጥ፣ የቀረውን እንከፋፈል፣ ቆሻሻውን እንጣል ይላሉ። እኔን ግን እጄ እምቢ አለኝ። ሁበርማን ማን ነው? ፊርማው እውነተኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ሳጥኑንስ ምን ላድርገው?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ነፍስ ይማር። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔም ሃያ ስድስት ዓመት በኦርኬስትራ ውስጥ ሁለተኛ ቫዮሊን ተጫውቻለሁ። «ያለቀ ሮዚን» ስትዪ ሽታው ሁሉ ነው የመጣብኝ። አንድ ነገር ልለምንሽ። ይህን መልስ አንብበሽ እስክትጨርሺ ድረስ ከሳጥኑ ምንም ነገር አይውጣ። ቆሻሻ የተባለውም ጭምር።

ከሁበርማን ልጀምር፤ የእሱ ታሪክ ለሦስቱም ጥያቄሽ ይጠቅማል። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ብሮኒስላው ሁበርማን በ1882 ቼንስቶሆቫ በምትባል የፖላንድ ከተማ ተወለደ። ገና በልጅነቱ በቫዮሊን ጉድ አሰኘ። በ1892 ቤተሰቡ በርሊን ወሰደው፤ የዘመኑ ታላቅ የቫዮሊን ሰው ዮሴፍ ዮአኪም ሰማው። ዮአኪም ማለት ታላቁ ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ ብራምስ የቫዮሊን ኮንቼርቶውን፣ ማለትም ቫዮሊን ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትበትን ሥራ፣ የጻፈለት ሰው ነው። ኮንቼርቶው ለመጀመሪያ ጊዜ በ1879 ላይፕሲግ ላይ ሲቀርብም ቫዮሊኑን የተጫወተው እሱ ነበር።

አሁን ወደ ጥር 1896 እንምጣ። ቦታው ቪየና ነው። ሁበርማን አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ሊጫወት የተነሳው ያንኑ የብራምስ ኮንቼርቶ ነው። ብራምስ ራሱ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጧል፤ ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ይህ ሥራ ለትልቅ ሰውም ከባድ ነው። እጅ ብቻ ሳይሆን ትዕግሥትም ይፈልጋል። ቫዮሊኑ እስኪገባ ድረስ ኦርኬስትራው ለብቻው ረጅም መንገድ ይሄዳል። አንድ ልጅ ያን ሁሉ ደቂቃ ቆሞ ሲጠብቅ እስቲ አስቢው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የጻፈው የብራምስ ወዳጅና የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊ ማክስ ካልቤክ ነው። ብራምስ የቫዮሊኑን ድምፅ እንደሰማ ጆሮውን አቀና። ዝግ ያለው ሁለተኛው ክፍል ላይ ዓይኑን ጠረገ። ሲያልቅ ከመድረኩ ጀርባ ሄዶ ልጁን አቀፈው፤ ጉንጩን ደባበሰው። ልጁ ግን አኩርፎ ነበር። ካዴንዛው፣ ማለትም ቫዮሊኑ ብቻውን የሚጫወትበት ቦታ እንዳለቀ ሕዝቡ አጨበጨበና ተከታዩን ውብ ዜማ አበላሸበት። ብራምስም «ካዴንዛውን ያን ያህል አሳምረህ መጫወት አልነበረብህም» አለው። ከዚያም የራሱን ፎቶ ሰጠው። ፎቶው ላይ የጻፈው ቃል ይህ ነው፦ «የቪየና የወዳጅነት መታሰቢያ፤ ከአመስጋኝ አድማጭህ፣ ዮ. ብራምስ»።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። ሁልጊዜ የምናውቀው አድናቂ ፎቶ ይዞ ሲሄድና ታዋቂው ሲፈርምለት ነው። እዚህ ኮንቼርቶውን የፈጠረው ሽማግሌ ለአንድ ልጅ ራሱን «አድማጭህ» ብሎ ፈረመ። ፊርማውን ብቻ ቆርጠሽ ብታወጪው የሚቀርሽ የአንድ ታዋቂ ሰው ስም ነው። «አድማጭህ» የምትለዋን ቃል ስትጨምሪ ግን ያ ማታ በሙሉ ይመጣል። ካልቤክ እንደሚለው ብራምስ አንዲት አጭር የቫዮሊን ፋንታሲያ ሊጽፍለትም ቃል ገብቶ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ላይ ሞተ። ፋንታሲያውም ሳይጻፍ ቀረ። ከዚያ ማታ ለልጁ በእጅ የሚያዝ ነገር ሆኖ የቀረለት ፎቶው ነው።

ለዚህ ነው ፊርማ ያለበት ፎቶ የሚያሳየኝ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ «ማን ፈረመው?» የማልለው። «ለማን ተፈረመ? የት? በየትኛው ቀን?» እላለሁ። አንቺም ከፊርማው በላይ ያለው ስም የአጎቴ አይደለም ስትዪኝ ቅር ያለሽ መሰለኝ። እኔ ግን በጣም ነው ደስ ያለኝ። ፎቶው አጎትሽ ጋ በእጅ ተላልፎ ነው የደረሰው ማለት ነው። ስለዚህ መልሱን ሳላትም በፊት አንድ አጭር መልእክት ላኩልሽ፦ «የፎቶውን ጀርባ ገልብጪው። ያ ስም ሳጥኑ ውስጥ ሌላ ቦታ ላይ እንዳለም ፈልጊ።» የመለስሽልኝን መጨረሻ ላይ አመጣዋለሁ።

ፎቶሽ ላይ ያለው 1934 ራሱ ይናገራል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ናዚዎች ጀርመን ውስጥ ሥልጣን ይዘዋል። አይሁድ ሙዚቀኞች ከኦርኬስትራ ይባረሩ ጀመር። የበርሊን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ መሪ ፉርትቬንግለር ሁበርማንን መጥተህ ተጫወት ብሎ ጋበዘው። ሁበርማን፣ እሱም አይሁዳዊ ነበር፣ እምቢ አለ። እምቢታውንም በአደባባይ ደብዳቤ አሳወቀ። ከዚያ በኋላ ከየኦርኬስትራው የተባረሩትን ሙዚቀኞች መሰብሰብ ያዘ። ታኅሣሥ 26 ቀን 1936 ቴል አቪቭ ላይ አዲሱ የፍልስጤም ኦርኬስትራ የመጀመሪያ ኮንሰርቱን አቀረበ፤ ዛሬ የእስራኤል ፊልሃርሞኒክ የሚባለው ነው። የመራው ስመ ጥሩው ጣሊያናዊ የኦርኬስትራ መሪ ቶስካኒኒ ነበር፤ ገንዘብ አልቀበልም ብሎ። ብዙዎቹን ሙዚቀኞች ያ ሥራ ከነቤተሰባቸው ከሞት አትርፏቸዋል። በ1934 ፎቶው ላይ የፈረመው እጅ እንግዲህ በዚህ መካከል የነበረ ሰው እጅ ነው። በ1937 ደግሞ ሱማትራ ላይ የተሳፈረበት አውሮፕላን ተከሰከሰ፤ እጁ ተጎዳ። ለቫዮሊን ተጫዋች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም። ከብዙ ልምምድ በኋላ ወደ መድረክ ተመለሰ። በ1947 ስዊዘርላንድ ውስጥ አረፈ።

አሁን ስለ ጋዜጣ ቁርጥራጮቹ። ወንድሞችሽን ሰብስቢና ይህን ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው።

ሁበርማን በ1713 የተሠራ ስትራዲቫሪየስ ቫዮሊን ነበረው፤ ዝነኛው ጣሊያናዊ ቫዮሊን ሠሪ ስትራዲቫሪ የሠራው ማለት ነው። «ጊብሰን» ይሉታል። የካቲት 28 ቀን 1936 ኒው ዮርክ፣ ካርኔጊ አዳራሽ ውስጥ ኮንሰርት ነበረው። መድረክ ላይ ሌላኛውን ቫዮሊኑን፣ ጓርኔሪውን ይዞ ወጣ። ስትራዲቫሪየሱ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ቀረ። እሱ እየተጫወተ ሳለ ተሰረቀ። ሁበርማን ሞተ፤ ቫዮሊኑን ዳግመኛ ሳያየው። ለካ ጁልያን አልትማን የሚባል ቫዮሊን ተጫዋች ጋ ነበር። በጫማ ቀለም ሸፍኖ ወደ ሃምሳ ዓመት ገደማ ሲጫወትበት ኖረ። በ1985 ሊሞት ሲል ለሚስቱ ተናዘዘላት። ማስረጃው የት ተገኘ? ቫዮሊኑ ማኅደር ውስጥ። እዚያ የ1936 የጋዜጣ ቁርጥራጮች ተቀምጠው ነበር፤ ስለ ሁበርማን ቫዮሊን መሰረቅ የሚናገሩ። ቫዮሊኑ ታደሰ። ከ2001 ጀምሮ አሜሪካዊው ቫዮሊን ተጫዋች ጆሽዋ ቤል ይጫወትበታል። ያኔ አንድ ሰው ማኅደሩን ከፍቶ «ይሄ አሮጌ ወረቀት ምንድነው?» ብሎ ቢጥለውስ?

ወደ ፊርማው። በአምድ ላይ ሆኜ ይህ እውነተኛ ነው፣ ይህ ሐሰተኛ ነው ልልሽ አልችልም። ለሽያጭ ከሆነ ወረቀቱን በእጁ ይዞ የሚያይ ባለሙያ ያስፈልግሻል። ቤት ውስጥ ግን ብዙ ማየት ትችያለሽ። ፎቶውን ወደ መስኮት አዘንብለሽ ያዢው። በብዕር የተፈረመ ከሆነ ቀለሙ ከፎቶው ገጽ በላይ ተኝቶ ታይዋለሽ፤ ብልጭታው ከፎቶው ይለያል። ፊርማውም ገጹም በአንድ ዓይነት የሚያበሩ ከሆነ ምናልባት ፊርማው አብሮ የታተመ ነው። ዝነኞች ለአድናቂ የሚልኩት እንዲህ ዓይነት ፎቶ ብዙ ነው። በአጉሊ መነጽር ስታዪው መስመሩ በጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ ከሆነ የማተሚያ ቤት ሥራ ነው። የእጅ ጽሑፍ መስመር ከመስመር በሚሻገርበት ቦታ ላይ ቀለሙ ይደራረባል። የታተመ ፊርማ ላይ ያን አታገኚም።

ደግሞ ብዕሩን ተመልከቺ። እስክሪብቶ፣ ያ ኳስ ያለው የዛሬው እስክሪብቶ፣ በሰፊው ገበያ ላይ የዋለው ከ1945 መጨረሻ ወዲህ ነው። 1934 የሚል ዓመት በእስክሪብቶ ተጽፎ ካየሽ ዓመቱን የጻፈው ሰው ቆይቶ ነው የጻፈው። የድሮ ቀለም ብዙ ጊዜ ከጥቁርነት ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ ይህ ጉድለት አይደለም። እባክሽ በእርጥብ ጣት እንዳትፈትኚው።

ከፎቶዎቹ አንዳንዶቹ ላይ ከፊርማው ሥር አምስት መስመርና ጥቂት ኖታ ተስሎ ታገኚ ይሆናል። ያን ጌጥ ነው ብለሽ እንዳታልፊው። ሙዚቀኞች ብዙ ጊዜ እንዲህ ይፈርማሉ። ኖታ የሚያነብ ሰው ፈልጊና አጫውቺው። ዮአኪም ለምሳሌ ፋ፣ ላ፣ ሚ የሚሉ ሦስት ኖታዎች ነበሩት። በጀርመንኛ የኖታዎቹ ፊደላት «ነፃ፣ ግን ብቸኛ» የሚለው መፈክሩ የመጀመሪያ ፊደሎች ናቸው። በ1853 የሙዚቃ ደራሲዎቹ ሹማን፣ ብራምስና ዲትሪሽ ተካፍለው በእነዚሁ ሦስት ኖታዎች ላይ አንድ ሶናታ ጽፈውለታል። ሦስት ኖታ ብቻ ነው፤ ግን ስሙን ከመጻፍ የበለጠ ይናገርለታል። እኔ በግሌ ከፊርማ ሁሉ የምወደው ይህን ዓይነቱን ነው።

ሦስተኛው ጥያቄሽ ሳጥኑ ነው። እዚህ ላይ ራሴ ካጠፋሁት ልነሳ። መምህሬ ሊያርፉ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው የራሳቸውን ፎቶ ሰጥተውኝ ነበር። ቫዮሊናቸውን አገጫቸው ሥር ይዘው የተነሱት ነው። ሥሩ ላይ አራት መስመር ጽፈውልኛል። ደስታዬን አልቻልኩትም። ፍሬም አሠራሁለት። የሠራው ሰው ጀርባውን በኮላ ካርቶን ላይ ለጠፈው፤ እኔም አላየሁም። ከዚያ ከመስኮት ፊት ለፊት ሰቀልኩት። በየቀኑ እያየሁት እየደበዘዘ መሆኑን አላስተዋልኩም። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ቤት ስቀይር አወረድኩት። የመጀመሪያው መስመር አለ። ሁለተኛው በግማሽ አለ። ሦስተኛውና አራተኛው የሉም። በልቤ አውቃቸዋለሁ ብዬ ነበር፤ ልጽፋቸው ስቀመጥ አንዷ ቃል ጠፋችብኝ። እስከዛሬ አላገኘኋትም። ጀርባው ላይ ተጽፎ የነበረ ነገር ካለም ኮላው ሥር ነው።

ስለዚህ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ቅጂው ይሁን። ዋናው ጨለማ ውስጥ ይቀመጥ። ቀዝቀዝና ደረቅ ያለ ቦታ ይሁን፤ ወለል ላይ ግን አይሁን፣ ውሃ መጀመሪያ የሚደርሰው እዚያ ነው። ላሚኔት አታስደርጊ። ስኮች አትለጥፊ። ያ ገጹ የሚያጣብቅ አልበም ውስጥ አታስገቢ። አዲስ ሲሆን የሚሸት ለስላሳ ፕላስቲክ ፎቶ ይጎዳል። ፖሊስተር የሚባለው ጥርት ያለ ማኅደር ወይም አሲድ የሌለው ወረቀት ይሻላል። ክሊፕና ስቴፕል ይዝጋሉ፤ ቀስ ብለሽ አውጪያቸው። ሮዚኑን በትንሽ ክዳን ባለው ዕቃ ለብቻው አድርጊው። ሙጫ ነው፤ ሙቀት ካገኘው ይለሰልስና ወረቀት ላይ ይጣበቃል። የድሮ የቫዮሊን ደጋን ካለ ሳትጠይቂ ወደ ሌላ አገር አትላኪ። የዝሆን ጥርስ ወይም የባሕር ኤሊ ቅርፊት ያለባቸው አሉ፤ ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፉም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቅደም ተከተሉን ጠብቂ። ምን ከምን ጋር እንደተቀመጠ በስልክሽ አንሺ፤ ንብርብሩን አንድ በአንድ። አጎትሽ አንድን ፎቶ ከአንድ ፕሮግራም ጋር አብሮ ያስቀመጠው ያለ ነገር ላይሆን ይችላል። እያንዳንዱን ፎቶ ፊቱንም ጀርባውንም አንሺ። ጀርባው ጠርዝ ላይ በለስላሳ እርሳስ ቁጥር ስጪው፤ በእስክሪብቶ እንዳይሆን፣ ወደ ፊት ያሳልፋል።

ከዚያ አንድ ደብተር ያዢ። ከየፕሮግራሙ ቀኑን፣ አዳራሹን፣ የተጫወተውን ሥራ ጻፊ። ጎኑ ላይ በዚያ ቀን የተፈረመ ፎቶ ካለ ቁጥሩን። ይህን ስትሠሪ የአጎትሽ ሕይወት በቀን በቀን ሲሰለፍ ታይዋለሽ። የትኛውን ኮንቼርቶ በወጣትነቱ ተጫውቶ ስንት ዓመት እንደተወው። መቼ ተመልሶ እንደያዘው። በየትኛው ዓመት ፕሮግራሙ እንደሳሳ። ኖታዎቹ ላይ በእርሳስ የተጻፉት ቁጥሮች ደግሞ ጣቶቹ ናቸው፤ በየትኛው ጣት የትኛውን ድምፅ እንደነካ። ሁለት ጊዜ ተሰርዞ የተጻፈ ቁጥር ካየሽ እዚያ ቦታ ላይ ታግሏል ማለት ነው። ሌላ ተጫዋች ያንን ኖታ ቢያገኝ ከፎቶዎቹ ሁሉ አስበልጦ ሊያየው ይችላል።

መሸጥ ኃጢአት አይደለም። ቤተሰብ ችግር ይኖርበታል። የምለምንሽ ተነጣጥሎ እንዳይሸጥ ነው። ታዋቂዎቹን አውጥታችሁ ስትሸጡ፣ የገዛው ሰው የሚያገኘው የሁበርማንን ፊርማ ነው። ለማን እንደተፈረመና አጎትሽ ጋ እንዴት እንደደረሰ የሚነግረው ወረቀት እናንተ ጋ ይቀራል፤ ወይም ተጥሏል። የሙዚቃ ቤተ መጻሕፍት ወይም የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሳጥኑን ከነዝርዝሩ ሊቀበል ይችላል። የሁበርማን የራሱ ወረቀቶች ዛሬ ቴል አቪቭ በሚገኝ የሙዚቃ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ላይ ነው ያሉት። ወንድሞችሽ መታሰቢያ ከፈለጉ ጥሩ ቅጂ አሠሪላቸው፤ ፊቱንም ጀርባውንም።

አሁን የላክሽልኝን መልስ ላምጣው። አንባቢዎች እንዲያዩት ፈቅደሻልና እንዳለ አሰፍረዋለሁ፦

«ጋሼ፣ ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ በእርሳስ የአጎቴ ጽሑፍ አለ። ‹ሜንደልሶንን በተጫወትኩ ማታ መምህሬ ከግድግዳቸው አውርደው ሰጡኝ› ይላል። ከፊርማው በላይ ያለው ስም የመምህሩ ነው፤ ሦስት ደብዳቤ ላይ አገኘሁት። ሜንደልሶን የሚል ፕሮግራም ስፈልግ ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ለመጣል ለይቶት ከነበረው ክምር ውስጥ አገኘሁ። ቡና የፈሰሰበት ስለነበር ነው የለየው። ውስጡ አንድ የተበጠሰ ክር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ክሩን ምን ላድርገው?»

በትንሽ ወረቀት ጠቅልዪው፤ ብረቱ ፎቶውን እንዳይነካው። ወረቀቱ ላይ በእርሳስ የፕሮግራሙን ቁጥር ጻፊበት። ከዚያ ፎቶውን፣ ፕሮግራሙንና ክሩን እየለያየሽ በየማኅደራቸው አድርጊና ሦስቱንም በአንድ ፖስታ ክተቺ። ቡናውን ለማስለቀቅ አትሞክሪ።